ከካፒቴኑ ታሪክ የዘለልኳቸው ስድስት ገጾች

ቶሮንቶ ውስጥ ሞቶ በእኔ ብዕር ያልተመሰገነ አበሻ ጥቂት ነው። እንደምታውቁት የእኛ ሰው ሲቀበር የሕይወት ታሪኩ ይነበባል፤ ለብዙ ዓመታት የሚጽፈውም የሚያነበውም እኔ ነበርኩ። ስልኬ ይጮሃል፤ «ጋሽ ደረጀ፣ እባክህን አንድ ገጽ ተኩል ያህል» ይሉኛል። የተወለደበትን ዘመን፣ የተማረበትን ትምህርት ቤት፣ በሱዳን ይምጣ በኬንያ፣ ስንት ልጅ እንዳለው እጠይቅና ስልኩን እዘጋለሁ። ከዚያ በላይ አልጠይቅም፤ የቀረው በቃሌ ነው። ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ፣ ቤተሰብ ሰብሳቢ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ከለቅሶ ከሠርግ የማይቀር።

ከወንድሙ ጋር ለሃያ ዓመት ያልተነጋገረውን ሰውዬ ቤተሰብ ሰብሳቢ ብዬዋለሁ። በዱላው የተነሳ ሚስቱ ሁለት ጊዜ ቤቱን ጥላ የሸሸችውን ሌላውን ደግሞ «የሰመረ ትዳር የመሠረቱ» ብዬ ሳነብ፣ ሴትዮዋ ፊት ለፊቴ ቆማ ጫማዋን ታይ ነበር። አንብቤ ስጨርስ «እጅህ ይባረክ» አሉኝ። እኔ ጅሉም የተባረከ መሰለኝ።

እንጀራዬ ግን ሌላ ነው። በየአረጋውያኑ ቤት እየዞርኩ ማጠብ፣ ማልበስ፣ መድኃኒት በሰዓቱ መስጠት ነው ሥራዬ። በዚያ ዓመት ከምኖርበት ከጄን ኤንድ ፊንች ሁለት ባስ እየቀያየርኩ ኢቶቢኮ፣ ሐይቁ አጠገብ ወዳለ አንድ ቤት እመላለስ ነበር። ደንበኛዬ ሚስተር ሃሮልድ ይባላሉ። እንግሊዝ አገር ተወልደው እዚህ ያረጁ፣ ሰማንያ ስምንት ዓመት የሞላቸው ጡረተኛ መምህር ናቸው። ዓይናቸው መሐል መሐሉ ጠፍቶ ዳር ዳሩን ብቻ ነው የሚያዩት፤ እኔን ሲያናግሩኝ እንኳ ግድግዳውን የሚያናግሩ ነው የሚመስለው። አሁን ሳወራላችሁ አንቱ እላቸዋለሁ፤ ያኔ በልቤ የምጠራቸው «ይሄ ሽማግሌ» እያልኩ ነበር።

ሽማግሌው ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሚጽፉት ነገር ነበር። ከሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት የኖረ የአንድ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ካፒቴን ታሪክ ነው፤ ሰር ጊልበርት ይባላል፣ የዘር ሐረጋቸው ከእሱ ይመዘዛል። በድሮ ታይፕራይተር በዳሰሳ እየመቱ ይጽፉታል። ማየት ስለማይችሉ የጻፉትን መልሼ የማነብላቸው እኔ ነኝ። ሻወር ካስወሰድኳቸው በኋላ ሻያቸውን ይዘው ይቀመጣሉ፤ እኔ ወረቀቱን አነሳና የማያገባኝን የፈረንጅ ባሕር ማቋረጥ እጀምራለሁ።

ካፒቴኑ የናቅኩት ዓይነት ሰው ነው። በአሥራ ሁለት ዓመቱ በአጎቱ አማላጅነት መርከብ ላይ ወጣ። ንጉሡና ፓርላማው ሲጣሉ መጀመሪያ የንጉሡ ወገን ነበር። ንጉሡ ሲሸነፍ ለፓርላማው ደብዳቤ ጻፈ፤ «ልቤ ሁልጊዜም ከእናንተ ጋር ነበር» ይላል። የንጉሡ ልጅ ከስደት ሲመለስ ደግሞ ወደቡ ላይ ቀድሞ የተንበረከከው እሱ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ሲገለበጥ ኮፍያው አንዴም አልወደቀም። እኔ ግን ብዙም አልገረመኝም። እንዲህ ያለው ሰው በእኛም አገር በሦስት መንግሥት ሲሾም አይተናል፤ ሁለቱን እኔው ራሴ «በቅንነት ያገለገሉ» ብዬ ቀብሬያቸዋለሁ።

«ይሄ ሰውዬ ምኑ ነው የሚጻፈው?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ምኑም» አሉ ሚስተር ሃሮልድ። «የመቃብሩ ድንጋይ ላይ ግን ‹ለመርከበኞቹ አባት› ተብሎ ተጽፎለታል። ልጅ ሆኜ አባቴ እዚያ ድንጋይ ፊት አቁሞ አስነብቦኛል። ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ትረዳለህ።»

ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ የደረስነው ኅዳር ውስጥ ነው። ካፒቴኑ ሰው የማይኖርበት ደሴት ዳር መልሕቅ ጥሎ አሥራ አራት ሰዎች ውኃ እንዲቀዱ በጀልባ ላከ። ሰዎቹ ገና በርሜል እየሞሉ ሳለ ከሩቅ ዕቃ የጫነች የጠላት መርከብ ታየች። ያቺን የማረከ ይሸለማል፣ ይሾማል። ካፒቴኑ የመልሕቁን ገመድ አስቆረጠና ተከተላት። ሰዎቹ ሸሚዛቸውን አውልቀው እያውለበለቡ አሸዋው ላይ ቀሩ። እሱ ለለንደን በላከው ሪፖርት «ጀልባቸውን ማዕበል ገለበጣት፤ አሥራ አራቱም ሰጠሙ፤ እንደ ልጆቼ አለቀስኩላቸው» አለ። ንጉሡም ሰር ብሎ ሾመው።

«ታዲያ እርስዎ እውነቱን ከየት አወቁት?» አልኳቸው።

«በዚያ ዘመን ካፒቴኑ ጌታ ነው፣ ባሕሩን ላያውቅ ይችላል። መርከቧን አውቆ የሚነዳው ማስተር የሚባለው ሰው ነው። ማስተሩ የራሱን የየቀን መዝገብ ይይዛል፤ ካፒቴኑ አይነካውም። ሁለቱን አስተያይቶ ያነበበ ሰው አልነበረም። እኔ ዓይኔ ሳይጠፋ በፊት ለንደን ሄጄ ከመዝገብ ቤቱ አንድ በአንድ ገለበጥኩት። ‹አሸዋው ላይ እሳት አንድደው አየን። ካፒቴኑ አትመለሱ አለን› ይላል። ከሥሩ የአሥራ አራቱን ስም ጽፎታል።»

ሻያቸውን አስቀመጡና ቀጠሉ። «ደረጀ፣ ማክሰኞ የልብ ቀዶ ሕክምና ሊያደርጉልኝ ነው። በዚህ ዕድሜ ምን እንደሚሆን ሁለታችንም እናውቃለን። ቅዳሜ ቤተሰቤ ይሰበሰባል፤ ይሄን ምዕራፍ ታነብልኛለህ። እነዚያን ስሞች እስከ ዛሬ ማንም ጮክ ብሎ አልጠራቸውም። በእኛ ቤት ይጠሩ። እኛ ነን የተውናቸው።»

«እሺ» አልኳቸው። በልቤ ግን ሳቅኩ። ከሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ለሞተ መርከበኛ የሚያዝን ሰው የእውነት ሥራ የሌለው ሰው ነው ብዬ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስደርስ ማርጋሬት ኩሽና ውስጥ ጠበቀችኝ። የሚስተር ሃሮልድ አንድያ ልጅ ናት፤ ስልሳ ዓመት የሚሆናት፣ ፀጉሯ እንኳ የታዘዘውን የሚፈጽም የሚመስል ሴት። ጠረጴዛው ላይ በክሬም መርከብ የተሳለበት ትልቅ ኬክ አለ። ሳሎኑ ውስጥ ባሏ፣ ሁለት ጎረምሳ ልጆቿና ከኦታዋ የመጣ የአጎቷ ልጅ ተቀምጠዋል። የአጎቷ ልጅ በክረምቱ ለሚደረግ የዘመድ ጉባኤ የካፒቴኑን ሥዕል በቲሸርት ሊያሳትም አስቧል።

«ስለ ደሴቱ የሚያወራውን ስድስት ገጽ አንብቤዋለሁ» አለችኝ ማርጋሬት ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እንዲህ ያለ ነገር ለቤተሰብ አይነበብም። ዝለለው።»

«አባትሽ ይሰማሉ።»

«ከዚህ በፊት ያለውንና ከዚያ በኋላ ያለውን ብቻ ታነባለህ። ጆሮውም እንደ ድሮው አይደለም።» ቀጥላ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። «በአንተ ድምፅ ከሆነ ማንም ልብ አይለውም። ለሰዎቻችሁ ቀብር አንተ ነህ አሉ የምታነበው፤ ሴቶቹን ሁሉ ታስለቅሳለህ አሉ። እንዴት እንደሚደረግ ታውቅበታለህ።»

ብታስፈራራኝ ኖሮ ምክንያት ይሆነኝ ነበር፤ ግን አላስፈራራችኝም። ሙያህን አውቃለሁ አለችኝ፤ እኔም ደስ አለኝ። ይኸው ነው። ስድስቱን ገጽ ራሴ ከመሐል አውጥቼ ሰጠኋት፤ እጥፍ አድርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ማንበብ ጀመርኩ። ሚስተር ሃሮልድ ክራባት አስረው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረዋል። ከውጭ ሐይቁ እንደ አሮጌ ቆርቆሮ ደብዝዟል። የአጎትየው ልጅ በየመሐሉ «ወንድ!» ይላል። መርከቢቱ ደሴቱ ዳር መልሕቅ ጣለች የሚለው ጋ ገጹ አለቀ። ቀጣዩ እጄ ላይ ያለው ወረቀት ካፒቴኑ ንጉሡ ፊት ተንበርክኮ ሲሾም ነው የሚጀምረው። በሁለቱ መካከል ገደል አለ፤ በአንዳች ነገር መሻገር ነበረብኝ።

አፌ ደግሞ ለዚህ ጊዜ የሠለጠነ ነው። ድምፄን ዝቅ፣ ቀብር ላይ እንደማደርገው ከጉሮሮዬ ሰበር አደረግኩና በእንግሊዝኛ እንዲህ አልኩ፤ «በዚያም ደሴት በማዕበል ለሰጠሙት መርከበኞቹ አለቀሰ። ካፒቴኑ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ፣ ቤተሰብ ሰብሳቢ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ከለቅሶ ከሠርግ የማይቀር ነበር።»

ሚስተር ሃሮልድ እጃቸውን አነሱ።

«ከሠርግ የማይቀር?» አሉ። «መርከብ ላይ የማንን ሠርግ ነው የበላው?»

ትንሹ ልጅ ሳቀ። እናቱ ስታየው አቆመ።

«ይሄን ሰውዬ አላውቀውም፣ ደረጀ። የጻፍኩትን አንብብልኝ።»

«አባዬ ደክሞሃል፤ ኬኩን እንቁረስ» አለች ማርጋሬት።

ሰሟትም አልሰሟትም። ፊታቸውን ወደ እኔ፣ ማለቴ በእኔና በግድግዳው መካከል ወዳለው ቦታ አዞሩ። «ሠላሳ ዓመት ከአንድ ውሸታም ጋር ኖሬያለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «እሱ ሲዋሽ ቢያንስ የሚፈራው ንጉሥ ነበረበት። አንተ ማንን ፈርተህ ነው?»

ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ ስበላም ባስ ስጠብቅም ይመጣብኛል። አጠገቤ ንጉሥም ሹመትም አልነበረም፤ የነበረው ኬክ ነው።

ሚስተር ሃሮልድ የወንበሩን እጀታ ይዘው ተነሱ። «ግድ የለም፤ እኔ እጠራቸዋለሁ» ብለው በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። «ጆን፣ በርሜል ሠሪው። ዊልያም። ሌላው ዊልያም፣ ፀጉረ ቀዩ። ኒኮላስ፣ ወጥ ሠሪው። ፒተር። ሄንሪ፣ ግራኙ። አብርሃም። ሮበርት። ማይልስ፣ የሮበርት ታናሽ ወንድም።» ዘጠነኛው ጣት ላይ ቆሙ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። «አብርሃም፣ ሮበርት፣ ማይልስ» ብለው እንደገና ሞከሩ። አሥረኛዋ ጣት አየር ላይ ቀረች።

«ደረጀ፣ አሥረኛው ማነው? ወረቀቱ እጅህ ላይ ነው።»

የማርጋሬት ቦርሳ ከእኔ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ወንበር ላይ ነበር፤ እጇን ጭናበታለች። «እሷ ጋ ነው» ብል አለቀ። አንዲት ቃል ናት። እኔ ግን ቀብር ላይ አንድ ነገር ከተሳሳትኩ በድፍረት እቀጥላለሁ እንጂ አላርምም፤ የሙያው ደንብ ነው። «እዚህ የለም፣ ሚስተር ሃሮልድ» አልኳቸው በዚያው በሚያምረው ድምፄ። «ከመጀመሪያውም እንዲህ ያለ ገጽ አልነበረም።»

ግንባራቸውን ዳሰሱ። ቁጣቸው ሲጠፋ አየሁት፤ በቦታው የመጣው ፍርሃት ነው።

«አልጻፍኩትም ማለት ነው?» አሉ። «የጻፍኩት መስሎኝ ነበር። ስማቸውን የጻፍኩት መስሎኝ ነበር እኮ።»

«እርጅና ነው፣ አባዬ» አለች ማርጋሬት፤ ኬኩም ተቆረሰ።

ካፒቴኑ አሥራ አራት ሰዎች አሸዋ ላይ ጥሎ ሄደ። እኔ ደግሞ አንድ ሰው የገዛ አእምሮውን እንዲጠራጠር አድርጌ ክራባቱን ፈታሁለትና አልጋው ላይ አስተኛሁት። በወጣሁ ጊዜ በጣታቸው እየቆጠሩ ነበር፤ ዘጠኝ ላይ ይደርሱና ከአንድ ይጀምራሉ። በሩ ጋ ቆሜ አየኋቸው። «ጽፈውታል፣ እኔ ነኝ የዋሸሁት» ለማለት ጊዜም ሰዓትም ነበረኝ። ባሱ ያመልጠኛል አልኩና ሄድኩ።

ቤት ስገባ ለባለቤቴ ለጽጌ ነገርኳት፤ እንደ ቀልድ፣ ከሠርጉ ጉድ ጀምሬ ገጹን እስከ መካዴ ድረስ። እሷ ግን አልሳቀችም።

«እና ለሰውየው ኮል አድርገህ አልነገርከውም?»

«ሰኞ ሺፍት አለኝ፤ ያኔ እነግራቸዋለሁ።»

«ደሬ ሙት፣ አሁን ደውል።»

አልደወልኩም። ሰኞ ጠዋት የቀጠረኝ ኤጀንሲ ሺፍቴን ካንስል አደረገው፤ ሚስተር ሃሮልድ አንድ ቀን ቀደም ብለው ሆስፒታል ገብተዋል። ማክሰኞ ከቀዶ ሕክምናው አልነቁም።

ረቡዕ ማርጋሬት ደወለች። እንደሚገባ አለቀሰች፤ ቀጥላም ምን አለች መሰላችሁ? «የአባቴን የሕይወት ታሪክ አንተ እንድትጽፍልን ቤተሰቡ ወስኗል። ያንን ድምፅህን ሁሉም ወዶታል።» በሕይወቴ እንዲህ ያለ ስድብ ተሰድቤ አላውቅም፤ እሷ ደግሞ ምስጋና መስሏታል። ስድስቱ ገጽ የት እንዳለ ጠየቅኳት። ምን እንደምላት ለማስታወስ ጊዜ ወሰደባት።

«እሱማ ሪሳይክል ቢኑ ውስጥ ገባ፤ ትናንት ጠዋት ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ወሰዱት» አለችኝ። «ለምን ፈለግከው?»

«አልጽፍም» አልኳት። በሃያ ስንት ዓመት ውስጥ እምቢ ያልኩት የመጀመሪያው ሟች ሚስተር ሃሮልድ ናቸው። ቀብራቸው ላይ ከኋላ ቆሜ፣ ሌላ ሰው «ለቤተሰባቸው ኩራት የሆነውን የካፒቴኑን ታሪክ ጽፈው ጨርሰዋል» ብሎ ሲያነብ ሰማሁ።

እንግዲህ እናንተ አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ወዲያ ስትሞቱ እኔን አታስፈልጉ። ጽሑፌን ሳነብ ያለቀሳችሁትም፣ ውሸት መሆኑን እያወቃችሁ «እጅህ ይባረክ» ያላችሁትም፣ ከእኔ እኩል ድርሻችሁን ውሰዱ። ማርጋሬትን ልንቃት ስል ራሴን በመስታወት አያለሁ፤ እሷ ስድስት ገጽ ብቻ ነው የጣለችው። እኔ የስንቱን ስድስት ገጽ ጥዬ ነው የኖርኩት? ጫማዋን ስታይ የነበረችውን ሴትዮ ባለፈው ሱቅ ውስጥ አገኘኋትና ይቅርታ ጠየቅኳት። «የቱን ቀብር ነው የምትለው?» አለችኝና ጋሪዋን እየገፋች ሄደች። ደግ አደረገች።

አሁንም የሚደውል አይጠፋም። ባለፈው አንዱ ጎረምሳ «ጋሽ ደረጀ፣ ዳዲ አርፎ ነው፤ ፊውነራሉ ፍራይደይ ነው» አለኝ። «ነፍስ ይማር። እጽፋለሁ፤ መጀመሪያ ግን አባትህ የበደለውን ሰው ስም ንገረኝ» አልኩት። «ሄሎ? ሄሎ?» አለ። «ኔትወርኩ ነው መሰለኝ» ብሎ ዘጋው፤ እስከ ዛሬም ኔትወርኩ አልተስተካከለም።

ለንደን ላለው መዝገብ ቤት ግን ጻፍኩ። የካፒቴኑን ስምና የማውቃቸውን ዘጠኝ ሰዎች ጠቅሼ ላክሁ። ከሦስት ወር በኋላ የማስተሩ መዝገብ አንድ ገጽ በፎቶ መጣልኝ። ስሞቹ አሉበት፤ ሚስተር ሃሮልድ አልተሳሳቱም። ግን የዚያ ዘመን የእጅ ጽሕፈት ሲታይ ጉንዳን የሄደበት ይመስላል፤ ከእንግሊዝኛም አይቆጠርም። በዚህ ዕድሜዬ ኮምፒውተር ላይ የሚሰጥ የድሮ እጅ ጽሕፈት ንባብ ትምህርት ጀመርኩ። ማስተሩ በዚያው ገጽ ሌላ ቦታ የጻፋቸውን የማውቃቸውን ቃላት ከስሞቹ ጋር እያስተያየሁ፣ ከሥራ መልስ በማጉሊያ እለፋለሁ። ጽጌ «ጎግል አታደርገውም?» እያለች ትስቅብኛለች።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ከማይልስ ሥር ያለው ስም ተገለጠልኝ። ሳይመን ይላል። ሦስት ጊዜ አስተያየሁት፤ ሳይመን ነው። ከወንበሬ ተነስቼ ጮክ ብዬ ጠራሁት።

ጽጌ ከኩሽና ብቅ አለች። «ማነው ሳይመን?»

«አሥረኛው» አልኳት።

«ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

አፌ ተከፈተ፤ ሰው አክባሪ ሊል ነበር። ዘጋሁት።

«አላውቅም» አልኳት። «አሸዋው ላይ እንደቀረ ብቻ ነው የማውቀው።»